ድምፁ የት ላይ ጠፋ?

ጎንደር ያለ አዝማሪ አይታሰብም። ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው ቡርቧክስ በአዝማሪዎቿ የታወቀች መንደር ናት። ከዚያም ከሌላውም አካባቢ የሚነሱ አዝማሪዎች ማሲንቆአቸውን አንግተው ደንቢያን፣ ወገራን፣ ዳባትንና ደባርቅን ሲያዳርሱ ኖረዋል። ጥር ሲገባ ሰርግ ቤት ሁሉ አዝማሪ ይፈልጋል። ጥንት ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው እንጨት፣ ቆዳና የፈረስ ጭራ ብቻ ነበር። መሣሪያው ቢበላሽ ባለቤቱ ራሱ ይጠግነዋል። ቆዳውን ከበግ ወይም ከፍየል፣ ጭራውን ከጎረቤት ፈረስ ያገኛል።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በጎንደር ከተማ አዝማሪ ቤቶች ክራሩ ሽቦ ተቀጥሎለታል። ዘፋኙ ማይክራፎን ይይዛል። በገጠርም ቢሆን ጄኔሬተር አስነስቶ፣ ስፒከር ዳሱ ደጃፍ ላይ አቁሞ መደገስ ተለምዷል። ጊታር የያዘ ወጣትም አይጠፋም። እኛ እንደሚመስለን ማሲንቆ በትንሽ ቤት ውስጥ ካለ ማጉያው ይበልጥ ያምራል። ግን ሦስት መቶ ሰው የታደመበት ዳስ ውስጥ ማን ይሰማዋል?

ታዲያ ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ጭፈራው በደራበት ሰዓት ድምፁ ድርግም ይላል። «ኧረ አያ፣ ምን ሆናችሁ?» ይላል አጃቢው። አንዱ ሽቦውን ይጎትታል፣ ሌላው ሣጥኑን በጡጫ ይመታል፣ ሦስተኛው ሽፋኑን ለመፍታት ካራ ያመጣል። በግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ይቀራል። አንዳንዴም ከብር የከፋ ነገር ይቀራል። ስለዚህ ድምፁ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የት ላይ እንደሚጠፋና የትኛውን መንካት እንደማይገባ እንመልከት።

ለመሆኑ ድምፅ ምንድን ነው? ድምፅ ንዝረት ነው። እየተናገራችሁ ጉሮሯችሁን በእጃችሁ ብትነኩ ይታወቃችኋል። ማሲንቆ ሲመታ ደጋኑ ጭራውን ይፈትጋል። ጭራው ይነዝራል። ንዝረቱ በብርኩማው በኩል ወደ ቆዳው ይወርዳል። ቆዳው አየሩን ይገፋል፣ አየሩም ጆሯችን ድረስ ይደርሳል። ደጋኑ ጭራውን ይዞ እንዲፈትግ ዕጣን ወይም ሙጫ ይቀባል። ከመተማ ቆላ የሚወጣው ዕጣን ለዚህም ያገለግላል። ዕጣኑ ሲያልቅ ደጋኑ ይንሸራተታል፣ ማሲንቆው ድምፅ ይነፍጋል። ይህን ማንም አዝማሪ ያውቀዋል።

የመብራቱ መንገድ ግን ረዘም ይላል። በኤሌክትሪክ ጊታር አውታሮች ሥር ፒክአፕ የሚባል ዕቃ አለ። ፒክአፕ ሲባል መኪናው ትዝ የሚላችሁ ትኖሩ ይሆናል፤ ይኼኛው ሌላ ነው። ማግኔት ነው። በማግኔቱ ዙሪያ ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተጠምጥሟል። የብረት አውታር ከማግኔቱ በላይ ሲነዝር በመዳቡ ሽቦ ውስጥ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። አውታሩ በፈጠነ ቁጥር ኤሌክትሪኩም አብሮት ይፈጥናል። ያ ትንሽ ኤሌክትሪክ የዘፈኑን ንዝረት ተሸክሞ በገመድ ይሄዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ነው። የፈረስ ጭራን፣ ጅማትን ወይም ናይለንን አያውቅም። የብረት አውታር የተወጠረለት ክራር እንደ ጊታር ፒክአፕ ሊገጠምለት ይችላል። ማሲንቆ ግን ማግኔት ቢያስጠጉለት ዝም ነው። ለማሲንቆ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ነው። ሳንቲም የምታህል ስስ ሳህን አለች፤ ስትነቀነቅ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። እሷን ከገበቴው ወይም ከቆዳው ጋር ማጣበቅ ነው። አለዚያም ማይክራፎን ከፊቱ ማቆም ይበቃል። ይህን ሳያውቁ ለማሲንቆ የጊታር ፒክአፕ የገዙ ሰዎች ገንዘባቸውን ጥለዋል።

ከገመዱ ጫፍ አምፕሊፋየር፣ በአማርኛ ማጉያ፣ ይቆማል። ሥራውን በመስኖ እንመስለው። ትልቅ ወንዝ አለ እንበል። ከቦዩ አፍ ላይ አንዲት ሳንቃ ቆማለች። ሳንቃዋን አንድ ሕፃን ከፍ ዝቅ ሊያደርጋት ይችላል። ሕፃኑ ሲያነሳት ብዙ ውሃ ይፈሳል፣ ሲያወርዳት ይቆማል። ውሃውን የሚገፋው ሕፃኑ አይደለም፤ ሕፃኑ የሚያዝዘው ብቻ ነው። በማጉያም ከጊታሩ የመጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሕፃኑ ነው። ወንዙ ደግሞ ከግድግዳ ሶኬት የሚመጣው ብርቱ ኤሌክትሪክ ነው። ሳንቃዋስ? በድሮው ማጉያ ውስጥ ሳንቃዋ ቫልቭ ትባላለች። አምፑል የመሰለች፣ አየር የተመጠጠላት ብርጭቆ ናት። ውስጧ እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። አሜሪካዊው ሊ ዴ ፎረስት ይህችን መሣሪያ የሠራት በ1899 ዓ.ም. ነው። በ1940 ዓ.ም. ትራንዚስተር ተገኘ። ትራንዚስተር ትንሽ ነው፣ እንደ ቫልቭ አይሞቅም፣ በቀላሉም አይሰበርም። ስለዚህ ቫልቭ ከሬዲዮም ከሌላውም ዕቃ ቀስ በቀስ ወጣች። ጊታር ተጫዋቾች ግን «ድምፅዋ ይጥማል» እያሉ እስከ ዛሬ አልተዋትም።

በአገራችን የኤሌክትሪክ ጊታር በአዲስ አበባ ባንዶች ዘንድ የተስፋፋው በ1950ዎቹ ነው። ኋላም ዋልያስ፣ አይቤክስና ሮሃ ባንድ ተነሡ። የሮሃው ሰላም ሥዩም በጊታሩ ስም ያተረፈ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ክራርን፣ ማሲንቆንና የመብራት መሣሪያን በአንድ መድረክ አገናኙ።

አሁን ወደ ዳሱ እንመለስ። ድምፁ ጠፍቷል። ምን ይደረግ?

የጠፋ በሬ የሚፈለገው ዱካውን በመከተል ነው። የጠፋ ድምፅም እንዲሁ። ዱካው አውታር፣ ፒክአፕ፣ ገመድ፣ ማጉያ፣ ስፒከር ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ሁሉን በአንድ ላይ የነካካ ሰው ቢስተካከልለት እንኳ ምን እንደነበር አያውቅም፤ ነገ ያው ችግር ይመለስበታል።

መጀመሪያ የማጉያው መብራት በርቷል? ካልበራ ነገሩ ከጊታሩ አይደለም። ጄኔሬተሩን፣ ማከፋፈያውንና ሶኬቱን እንይ። ሌላ ነገር ሰክተን እንሞክር። እነርሱ ደኅና ከሆኑ ፊውዙ ተቃጥሎ ይሆናል። ሶኬቱን ነቅሎ፣ የተቃጠለውን አውጥቶ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ያው የሆነ ሌላ ፊውዝ መተካት ነው። በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ መጠቅለል ግን ማጉያውን ማቃጠል ነው። ፊውዝ በርካሽ ዋጋ ራሱን ሠውቶ ውዱን ዕቃ የሚያድን ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ውስጥ ብልሽት አለና ሦስተኛ አንጨምር።

መብራቱ በርቶ ድምፅ ከሌለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ይረገጣል፣ ይታጠፋል፣ ይጎተታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ጫፉ ላይ፣ ጃኩ አንገት ዘንድ ነው። ሌላ ገመድ ሰክታችሁ ሞክሩ። ድምፁ ከመጣ በሽታው ተገኘ። የተበጠሰው ገመድ አይጣል፤ ጫፉ ተቆርጦ በብየዳ ይታደሳል። ገመድ ስትነቅሉ ጃኩን ይዛችሁ ንቀሉ። በሬ በጭራው አይጎተትም አይደል?

ገመዱ ደኅና ከሆነ የጊታሩን ድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ እንይ። ስታዞሩት «ክርክር» የሚል ከሆነ አቧራ ገብቶበታል። አሥርና ሃያ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ቢያዞሩት ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ለዚህ የተሠራ የሚነፋ መድኃኒት በኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይገኛል። የምግብ ዘይት ግን አይደረግበትም፤ አቧራውን ጭቃ ያደርገዋል።

ድምፅ ኖሮ እንደ ንብ መንጋ እምምም የሚል ከሆነስ? የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ያ ምልልስ ወደ ፒክአፑ ሲገባ ይሰማል። ጊታሩን ከማጉያው፣ ከጄኔሬተሩና ከሸምበቆ መብራት አርቃችሁ አዙሩት። ከቀነሰ ምክንያቱ እሱ ነው። ካልቀነሰ አንድ ቦታ ላይ የመሬት ሽቦው ተበጥሷል፤ ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ደግሞ ሌላ ነው። ማይክራፎኑ ከስፒከሩ ፊት ቆሞ የራሱን ድምፅ መልሶ ሲሰማ ያፏጫል። ስፒከሩን ወደ ፊት፣ ዘፋኙን ከኋላው ማድረግ ነው።

ባለ ቫልቭ ማጉያ ያለው ሰው በተጨማሪ በኋላው መክፈቻ በኩል ያለ መንካት ይመልከት። ከበራ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ያልቀላች ቫልቭ ካለች ወይ ሞታለች ወይ በደንብ አልተሰካችም። በብርጭቆዋ ላይ ብር የመሰለ ቅብ አለ። ቅቡ እንደ ዱቄት ነጭ ከሆነ አየር ገብቶባታል፤ አትድንም። በውስጧ ያለው ትልቁ ቆርቆሮ ራሱ ፍም ከመሰለ ማጉያው አሁኑኑ ይጥፋ። ባለ ቫልቭ ማጉያ ስፒከሩ ሳይሰካ ከቶ አይበራም፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ከጭፈራው በኋላም ሳይበርድ መኪና ላይ አይጫን። በሞቀ ጊዜ መንገጫገጭ ቫልቭን ይገድላል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ከሽፋኑ ውጭ ያለ ነው። ሽፋኑን መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው። ለምን? ከሶኬት የሚመጣው 220 ቮልት ነው። ያ ራሱ ሰው ይገድላል። በባለ ቫልቭ ማጉያ ውስጥ ደግሞ ከዚያ በልጦ 300፣ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ክፉው ነገር ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም መኖሩ ነው። ካፓሲተር የሚባሉ ዕቃዎች እንደ ጋን ውሃ ኤሌክትሪኩን አጠራቅመው ይይዛሉ። «ነቅዬዋለሁ እኮ» ያለ ሰው በእነርሱ ይመታል። ባለሙያ ጋኑን በዘዴ ባዶ ሳያደርግና በቴስተር ሳይለካ እጁን አያስገባም።

ሳይከፈትም የሚገድል ነገር አለ። ባለ ሦስት እግር ሶኬት አንዱ እግር የመሬት ነው። ኤሌክትሪክ ከቦታው ቢያመልጥ ወደ መሬት የሚሸኘው እርሱ ነው። ቀዳዳው አልገጥም ስላለ ብቻ ያን እግር የሚቆርጡ አሉ። ያን ጊዜ የጊታሩ አውታር ራሱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ጊታር የያዘ ሰው ከንፈሩን ወደ ማይክራፎን ሲያስጠጋ ኤሌክትሪኩ በገላው በኩል ያልፋል። በሚያዝያ 25 ቀን 1964 ዓ.ም. በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ፣ ስቶን ዘ ክሮውስ የተባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ በመድረክ ላይ እንዲሁ ሞተ። የመሬት ሽቦው ያልተገናኘ ማይክራፎን ነበር የነካው። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። በሠለጠነ አገር፣ በከተማ መድረክ የሆነው ነገር በዝናብ በረሰረሰ ዳስ ውስጥ፣ በባዶ እግር ለቆመ ሰውማ ይብሳል። ጊታሩ ወይም ማይኩ ነዘር ካደረጋችሁ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትቀጥሉ፤ ጄኔሬተሩ ይጥፋ። በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰውም በእጅ አትያዙት። መጀመሪያ ኃይሉን ማቋረጥ፣ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከላዩ መግፋት ነው።

ሌላም አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ማጉያ ይልካል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ያህል ነው። ከኋላው 110፣ 117 ወይም 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ በቀጥታ በእኛ ሶኬት ከተሰካ ጢስ ብቻ ይሰጣል። ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የፊደል ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ከመሰካት በፊት ከኋላ ያለውን ጽሑፍና ቁጥር ማንበብ። መብራት ሲጠፋም ሁሉም ነገር ይነቀል፤ ተመልሶ ሲመጣ በኃይል ይመጣልና።

መሣሪያዎቹን ማስቀመጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በክረምት የማሲንቆና የክራር ቆዳ እርጥበት ይጠጣና ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ሰዎች ወደ ምድጃ ያስጠጉታል። ጥቂት ማሞቅ ደግ ነው፤ ከበዛ ግን ቆዳው ይሰነጠቃል። የደባርቅን ብርድ ያደረ ክራር ወዲያው እሳት ዳር አይቀመጥ። የብረት አውታር የተወጠረለት ክራር ሲቀመጥ አውታሩ ይላላ፤ የክራሩ ቀንበር ለጅማት እንጂ ለብረት ጉልበት አልተሠራም። የጊታር አውታር ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ላብ ያዝገዋል።

በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሰርግም ዘፈንም ስለሌለ መሣሪያው ይሰቀላል። ለጥገና ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም። የላላው ጃክ ይበየድ፣ የተበላው ፊውዝ ይገዛ፣ አይጥ የቀረጠፈው ገመድ ይታይ። ማጉያው ጨርቅ ለብሶ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሰርግ የተጠራ ሰው በዋዜማው ሁሉንም ሰክቶ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አጫውቶ ይሞክር። ወደ ሰርጉም ሲሄድ ሁለት ትርፍ ገመድ፣ ሁለት ፊውዝና የእጅ ባትሪ በከረጢቱ ይያዝ።