ከአገር መራቅና ሥራ መፈለግ፦ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የቋሚ ነዋሪነት መብት የሚቋረጥበት ነጥብ

የአንድ አባል አገር ዜጋ በሌላ አባል አገር ለአምስት ዓመት ያለማቋረጥና በሕጋዊነት ከኖረ የቋሚ ነዋሪነት መብት እንደሚያገኝ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቁጥር 2004/38 በአንቀጽ 16 ይደነግጋል። ድንጋጌው ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ ክርክሩ የሚነሣው «ያለማቋረጥ» እና «በሕጋዊነት» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ ነው። የመጀመሪያው ቃል ሰውዬው በአገሩ ስለመገኘቱ፣ ሁለተኛው በምን ሁኔታ ስለመገኘቱ ይጠይቃል። ብዙ ፈላሲ የሚጨነቀው ስለመጀመሪያው ነው፤ የጉዞ ቲኬቶቹን አሰባስቦ የወጣበትንና የተመለሰበትን ቀን ይቆጥራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ሕጉ ከአገር የወጣውን ሰው የሚታገሠውን ያህል፣ በአገሩ ተቀምጦ ከሥራ የወጣውን ሰው አይታገሥም የሚል ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአገር መራቅን በሚመለከት መመሪያው ለጋስ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ድምሩ ከስድስት ወር ያልበለጠ መራቅ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ይታለፋል። ለግዴታ ወታደራዊ አገልግሎት ሲሆን ከዚያም ሊረዝም ይችላል። እንደ እርግዝናና ወሊድ፣ ከባድ ሕመም፣ ትምህርት ወይም በአሠሪ ወደ ሌላ አገር መላክ ባሉ ዐበይት ምክንያቶች ደግሞ እስከ አሥራ ሁለት ተከታታይ ወራት የሚደርስ አንድ መራቅ ይፈቀዳል። መብቱ አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ በመራቅ የሚታጣው ከሁለት ተከታታይ ዓመታት በላይ ሲሆን ብቻ ነው።

«ሕጋዊነት» ግን እንዲህ ለጋስ ትርጓሜ አላገኘም። የኅብረቱ የፍትሕ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2011 በዚዮልኮቭስኪ እና ሼያ መዝገቦች ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ሕጋዊ ኑሮ ማለት የመመሪያውን አንቀጽ 7(1) ቅድመ ሁኔታዎች የሚያሟላ ኑሮ ነው ብሏል። ይህም ማለት ሠራተኛ፣ በግል ሥራ የሚተዳደር፣ በቂ ገቢና የጤና መድን ያለው፣ ተማሪ ወይም የእነዚህ ቤተሰብ መሆን ነው። ባለጉዳዮቹ ጀርመን ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ የኖሩ ፖላንዳውያን ነበሩ፤ የመኖሪያ ፈቃድም ነበራቸው። ፈቃዱ በአገሩ ሕግ መሠረት በሰብአዊ ምክንያት የተሰጠ በመሆኑ ግን በራሱ አልበቃቸውም።

ሥራ ፈላጊው ችግር ላይ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሕጉ ሁለት ዓይነት ሥራ ፈላጊ ያውቃል። አንደኛው ሠርቶ ሥራውን ያለ ፈቃዱ ያጣ ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ ከሠራና በሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት ከተመዘገበ በአንቀጽ 7(3) መሠረት የሠራተኛነት ደረጃው ይቀጥላል። የሠራው ከዓመት በታች ከሆነ ቢያንስ ለስድስት ወር ይጠበቅለታል። በ2019 የተወሰነው የታሮላ መዝገብ ይህን ጥበቃ አየርላንድ ውስጥ ሁለት ሳምንት ብቻ ተቀጥሮ ለሠራ ሩማንያዊ አድርሶታል። ሁለተኛው ዓይነት ገና ሥራ ያልያዘ አዲስ መጤ ነው። እርሱም በአንቀጽ 14(4)(ለ) መሠረት ሥራ እየፈለገና የመቀጠር እውነተኛ ዕድል ያለው እስከሆነ ድረስ አይባረርም። ነገር ግን አለመባረር ሌላ፣ ለአምስት ዓመቱ መቆጠር ሌላ ነው። የዚዮልኮቭስኪ ፍርድ በቀጥታ ሲነበብ፣ በቂ ገቢና የጤና መድን ከሌለው ይህ ሰው ሥራ ሲፈልግ ያሳለፈው ጊዜ አይቆጠርለትም። አባል አገራት የተሻለ ሊሰጡ ይችላሉ፤ የብሪታንያ የ2006 ደንብ ሥራ ፈላጊውን ከሠራተኛው ጋር «ብቁ ሰው» ብሎ ይመድበው ነበር።

ሁለቱ ጉዳዮች፣ መራቅና ከሥራ መውጣት፣ በግልጽ የተገናኙት በሁለት ፍርዶች ነው። በ2014 በተወሰነው የሴንት ፕሪ መዝገብ ባለጉዳይዋ ብሪታንያ ውስጥ በመዋዕለ ሕፃናት ትሠራ የነበረች ፈረንሳዊት ናት፤ እርግዝናዋ ሲገፋ ሥራው ከበዳትና አቆመች። ፍርድ ቤቱ ለወሊድ ከአገር መውጣት የኑሮውን ቀጣይነት ካላቋረጠ፣ በአገሩ ውስጥ ሆና በእርግዝና ምክንያት ሥራ ማቆሟ የሠራተኛነት ደረጃዋን ሊያሳጣት እንደማይገባ ደምድሟል፤ ከወሊድ በኋላ በተገቢው ጊዜ ወደ ሥራ መመለሷን ግን ቅድመ ሁኔታ አድርጓል።

የዲያስ መዝገብ (2011) ይበልጥ ያስገርማል። ፖርቱጋላዊቷ ባለጉዳይ ብሪታንያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ በሠራተኛነት ከኖረች በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል በፈቃዷ ሥራ ሳትይዝ ቆየች፤ ይህም የሆነው መመሪያው ሥራ ላይ መዋል ከነበረበት ከሚያዝያ 2006 በፊት ነበር። ፍርድ ቤቱ ያን ዓመት በአገሩ ውስጥ እንዳልነበረች አድርጎ ቆጠረው። ከሁለት ዓመት ስላነሰም ቀድሞ የሞላውን አምስት ዓመት አላፈረሰባትም። ውጤቱ ጠቅሟታል፤ አመክንዮው ግን አሳሳቢ ነው። ጎረቤቶቿ በየቀኑ የሚያዩዋት ሴት በሕግ ዓይን በሌላ አገር እንዳለች ተቆጥራለች።

እንደ እኔ አስተያየት ይህ ማመሳሰል ተጀምሮ የተተወ ነው። አምስት ዓመቱ ከመሙላቱ በፊት ለመራቅ የተሰጠው የስድስት ወር ትዕግሥት ደረጃን ለማጣት በመመሪያው አልተሰጠም። በሦስተኛው ዓመት በፈቃዱ ሥራ ለቅቆ፣ ሌላ የመኖሪያ መሠረት ሳይኖረው አራት ወር በቤቱ የቆየ ሰው፣ ያንኑ አራት ወር በትውልድ አገሩ አሳልፎ ወደ ሥራው ከተመለሰው ይልቅ ለአደጋ ይጋለጣል። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። መብቱ በሕግ በራሱ የሚጸና ስለሆነ ብዙዎች ሰነድ የሚጠይቁት ዘግይተው ነው፤ ያኔ የሚፈለገው ከዓመታት በፊት የነበረ የደመወዝ ወረቀትና ሥራው በጠፋበት ሰሞን የተደረገ ምዝገባ ነው።

በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የኅብረቱ ዜጎች ቤተሰብ ካልሆኑ በቀር በዚህ መመሪያ አይሸፈኑም። የሚመለከታቸው ዴንማርክና አየርላንድ ያልተቀበሉት መመሪያ ቁጥር 2003/109 ነው። በእርሱ መሠረት በአምስቱ ዓመት ውስጥ የሚታለፈው እያንዳንዱ ከስድስት ተከታታይ ወር ያነሰ፣ ድምሩም ከአሥር ወር ያልበለጠ መራቅ ነው። ደረጃው ከተገኘ በኋላ ከኅብረቱ ግዛት አሥራ ሁለት ተከታታይ ወር መራቅ ያሳጣዋል። ይሁንና ፍርድ ቤቱ በጥር 2022 ከኦስትሪያ በመጣ ጉዳይ ላይ፣ በእነዚያ ወራት ውስጥ ለጥቂት ቀናት ብቻ መመለስም ደረጃውን ለማትረፍ እንደሚበቃ ወስኗል።