ጠባሳውን ሳያጠፉ መጠገን
(የሬዲዮ ዘጋቢ ፕሮግራም)

[የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ይቀንሳል]

ተራኪ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከመርከብ ሲነሡ ወይም መርከብ ላይ ሊያርፉ ሲሉ የሰጠሙ የባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ከውኃ ሥር እየወጡ በተለያዩ አገሮች ቤተ መዘክሮች ለዕይታ ቀርበዋል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከውኃ ስለወጡበት ዕለት ቢሆንም ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጠጋኙ አውሮፕላኑን ከመፍረስ ሲያድን የደረሰበትን ጉዳት የሚመሰክሩትን ምልክቶችም አብሮ ማዳን ይጠበቅበታል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል በጦርነቱ ዓመታት አብራሪዎቹን በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ያሠለጥን የነበረው ወልቨሪንና ሴብል በተባሉ፣ ቀድሞ የመንገደኛ ማመላለሻ በነበሩና በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያ ወለል በተሠራላቸው ሁለት መርከቦች ሲሆን፣ በሥልጠናው ከ100 የሚበልጡ አውሮፕላኖች ሐይቁ ውስጥ ቀርተዋል። ከእነዚህ አንዱ ዶንትለስ የተባለው፣ ከከፍታ ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ በተደረገው የሚድዌይ ውጊያ ከ200 በላይ የጥይት ቀዳዳ ይዞ ከተመለሰ በኋላ ለሥልጠና ተመድቦ እ.ኤ.አ. በ1943 ሰጠመ፤ በ1994 ወጥቶም ዛሬ በፍሎሪዳ፣ ፔንሳኮላ በሚገኘው የባሕር ኃይል አቪዬሽን ቤተ መዘክር ይታያል። በጦርነቱ ጊዜ ቀዳዳዎቹ የተደፈኑባቸው ልጣፎች በአካሉ ላይ በመቆየታቸው የውጊያ ታሪኩ ከጽሑፍ መዝገብ ሌላ በራሱ በአውሮፕላኑም ላይ ይነበባል።

[አጭር ሙዚቃ]

ተራኪ፦ የሚሺጋን አውሮፕላኖች ብዙ ሳይጎዱ የቆዩት ሐይቁ ጨው አልባና ቀዝቃዛ በመሆኑ ነው። በባሕር ውስጥ ግን ክሎራይድ የተባለው የጨው ንጥረ ነገር ወደ አሉሚኒየሙ ስንጥቆች ስለሚዘልቅ፣ አካሉ ወጥቶ አየር ሲያገኘው መበላቱ ይፋጠናል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2013 ከእንግሊዝ ደቡብ ምሥራቅ ባሕር የወጣው ዶርኒየር 17 የተባለ የጀርመን ቦምብ ጣይ፣ በሎሚ ውስጥ የሚገኘው ሲትሪክ አሲድ የተቀላቀለበት ውኃ ለረጅም ጊዜ ሲረጭበት ቆይቷል። በ2019 በእንግሊዝ ደቡብ ከሚገኘው የሶለንት ሰርጥ የወጣው ባራኩዳ ደግሞ ቶርፔዶ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታ ፈንጂ፣ የሚጥል የባሕር ኃይል አውሮፕላን ነበር፤ ከዚህ ዓይነት ሙሉ ሆኖ የተረፈ ስለሌለ፣ ስብርባሪው በዮቪልተን ቤተ መዘክር ሌላ ባራኩዳ መልሶ ለመገንባት ለሚደረገው ሥራ እንዲያግዝ ተወስዷል።

የኢትዮጵያ ጉዳይ ከውኃ ሥር ሳይሆን ከምርኮ የተመለሰች አውሮፕላን ጉዳይ ነው። ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ዌበርና በኢትዮጵያውያን ሠራተኞች አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ፣ በልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ስም ተሰየመች። ወራሪው የጣሊያን ጦር ከወሰዳት በኋላ፣ የባሕር ላይ አውሮፕላኖች ጣቢያ በነበረውና በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ለአሥርት ዓመታት ቆይታ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። አዲስ አበባ ላይ መሠራቷ፣ መማረኳም ሆነ በጣሊያን የቆየችበት ዘመን የአንድ ታሪክ ክፍሎች በመሆናቸው፣ ወደፊት የሚደረግላት ጥገና አንዱን ለማጉላት ሌላውን ሊሰርዝ አይገባም።

[ሙዚቃ]

ተራኪ፦ የዚያ ዘመን የአውሮፕላን ታሪክ ባሌንም ይነካል፤ ፀሐይ በተሠራችበት፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዓመት የባሌን ጦር ይመሩ የነበሩት የባሌ ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ሲሆኑ፣ በደቡብ ግንባር የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ጦር ከነበሩት ብልጫዎች አንዱ አውሮፕላን ነበር። የባሌ ተራሮች ውኃ በሚወርድበት በዶሎ አቅጣጫ፣ በገናሌ ዶርያ ወንዝ አጠገብ ባለችው መልካ ዲዳ፣ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ሕሙማንና የሕክምና ሠራተኞች ሞተዋል፤ የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪዴ ሂላንደርም ቆስለዋል።

ከባሌ ደጋ እስከ ገናሌ ቆላ የዚያ ዘመን ቅሪት ቢገኝ፣ ያልፈነዳ ቦምብ ሊኖር ስለሚችል አለመንካት የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮና በግንባታ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ጠብቆ ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ሮቤ የሚገኘውን መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ተቋምም የአካባቢውን ሽማግሌዎች ቃል ከቦታው መረጃ ጋር አስተሳስሮ ሊመዘግብ ይችላል። የሚሺጋኑ ዶንትለስ ክብሩን ያገኘው መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት መዝገቡ አብረውት በመትረፋቸው ነው፤ የተገኘበት ቦታና አኳኋን ሳይመዘገብ የተነሣ ቅሪት ግን የቱንም ያህል ተወልውሎ ቢቀርብ የየትኛው ውጊያ፣ የማን እንደሆነ ለተመልካች ሊያስረዳ አይችልም።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]