«አለቀ» የተባለው ቤት

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በ51 ሺህ 229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ ዕጣ ወጣ። ዓመታት የቆጠቡ ሰዎች ስማቸውን ከዝርዝሩ ውስጥ ሲያገኙ እልልታው ቀለጠ። ርክክቡ ሲደርስ ግን ብዙዎች የገቡት ማብሪያ ማጥፊያው ግድግዳው ላይ ተተክሎ፣ ሽቦው በየክፍሉ ተዘርግቶ፣ በሽቦው ውስጥ የሚሄድ ነገር የሌለበት ቤት ነበር። ሻማ፣ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ፣ ነዳጁ በመዋጮ የሚገዛ ጄኔሬተር፤ በአዲስ የኮንዶሚኒየም ሳይት የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት፣ የሚያልፉት በነዚህ ነው።

ነገሩ የአንድ ሳይት ዕድለ ቢስነት ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታው በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተጀመረ ወዲህ አንድ ሳይት በተላለፈ ቁጥር ያው ጥያቄ ይነሳል፤ ቤቱ አልቆ መብራቱ ለምን ይቀራል?

ቀላሉ መልስ «ኃይል ስለሌለ» የሚለው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ስላለው፣ ያ መልስ ዛሬ ብዙ ርቀት አያስኬድም። ግድቡ ላይ የመነጨ ኃይል አንድ ኩሽና እስኪደርስ ብዙ በር ያንኳኳል። በከፍተኛ መስመር መጥቶ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ በአብዛኛው በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ሰፈር ለሰፈር ይሄዳል፤ ትራንስፎርመር ላይ ወደ 380 እና 220 ቮልት ዝቅ ብሎ በቆጣሪ በኩል ቤት ይገባል። አዲስ ሳይት ሲነሳ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ጫፍ ነው። ባዶ መሬት ላይ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ቤት ሲቆም፣ አካባቢው ያለው መስመር የታሰበው ለእርሻ መንደር ነበር። አንዳንዴ ትራንስፎርመር መጨመር ይበቃል፤ አንዳንዴ ግን ማከፋፈያ ጣቢያው ራሱ ሞልቷልና አዲስ ጣቢያ መሠራት አለበት። ይህ ደግሞ ሕንፃው ሲያልቅ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

ስሌቱን የሚያከብደው ምጣድ ነው። ለአምፖልና ለቴሌቪዥን ብቻ ቢሆን አንድ ትራንስፎርመር ብዙ ብሎክ ይሸከማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። ሃምሳ አባወራ ያለበት ብሎክ ሁሉም ባንድ ጊዜ ምጣዱን ቢጥድ 175 ኪሎ ዋት ማለት ነው። መሐንዲሶች ሁሉም እኩል እንደማይጋግር ገምተው ትራንስፎርመሩን አሳንሰው ይመርጣሉ፤ ግምቱም በተራ ቀን ትክክል ነው። የፋሲካ ዋዜማ ግን ተራ ቀን አይደለም። የኮንዶሚኒየሙ ንድፍ አውጪዎች ለጋገራና ለእርድ «ኮሙናል» የሚባለውን የጋራ ቤት ለየሳይቱ አስበውለት ነበር። ኑሮው ግን ምጣዱን ወደ አራተኛ ፎቅ ይዞት ወጣ።

ወደ ዋናው ቋጠሮ ስንመጣ፣ እንደኔ ግምት ችግሩ «አለቀ» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። ለገንቢው ቤት አለቀ የሚባለው ግድግዳው ተለስኖ በሩ ሲገጠም ነው፤ ሪፖርቱም የሚጻፈው በብሎክ ቁጥር ነው። ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ግን ሥራው የሚጀመረው የኃይል ጥያቄ ቀርቦ፣ ባለሙያ ቦታውን አይቶ፣ የዋጋ ግምት ተሠርቶ፣ ክፍያ ሲፈጸም ነው። አንዱ ጨረስኩ ሲል ሌላው ገና ፋይል ይከፍታል። በአዲስ አበባ ደግሞ ኮንዶሚኒየሙን የሚገነባው የከተማ አስተዳደሩ ሲሆን፣ ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚለው ድርጅት የፌዴራል ነው። ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። ስለዚህ አንድ ሳይት መብራት እንዲያገኝ ቢያንስ ሦስት አካላት መስማማት አለባቸው፤ የዕጣውን ቀን የሚቆርጠው ግን አንዱ ብቻ ነው።

አከፋፋዩን ብቻ መውቀስም አግባብ አይደለም። እስከ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ድረስ ታሪፉ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ ነበር፤ የመጀመሪያው እርከን ኪሎ ዋት ሰዓቱ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለተጠቀመ ቤት የፍጆታው ሒሳብ 13 ብር ከ65 ሳንቲም ማለት ነበር። በዚህ ገቢ አስቀድሞ መስመር ዘርግቶ ነዋሪ መጠበቅ አይቻልም። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው አብሮ ተተኮሰ።

የግል ሪል እስቴት አልሚው መውጫ ያገኘው በኪሱ ነው፤ የትራንስፎርመሩንና የመስመሩን ወጪ ራሱ ይሸፍንና ከቤቱ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጎረቤቱ ሌላ ሕንፃ ሲያቆምና ከዚያው መስመር ልቀጥል ሲል ጠቡ ይነሳል። ከፋዩ «የኔ ነው» ይላል፤ አከፋፋዩ ደግሞ አቅም እያለ ሁለተኛ ምሰሶ የሚያቆምበት ምክንያት አይታየውም። ብሪታንያ ለዚህ የደነገገችው ቀጥተኛ ነው፤ አንዱ ከፍሎ ያስዘረጋውን መስመር በ10 ዓመት ውስጥ ሌላው ቢጠቀምበት፣ ኋላ የመጣው ድርሻውን ይከፍላል፣ ለቀደመውም ይመለስለታል። ይህን ያህል ደንብ ያላት አገርም አልዳነችም። እ.ኤ.አ. በ2022 በምዕራብ ለንደን ሦስት ወረዳዎች የቤት አልሚዎች አዲስ ኃይል ለማግኘት እስከ 2035 ሊጠብቁ እንደሚችሉ ተነገራቸው። አቅሙን ቀድመው የያዙት የኮምፒውተር መረጃ ማከማቻ ማዕከላት ነበሩ። እዚያ ወረፋው ቢያንስ ግንባታው ሳይጀመር ታወቀ።

እኛም ጋ ማስተባበር ያልታሰበበት ነገር አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 857/2006 የመሠረተ ልማት ቅንጅትን የሚመራ የፌዴራል ኤጀንሲ ተቋቁሞ ነበር፤ መነሻውም መንገዱ በተነጠፈ ማግስት ቴሌው፣ ውሃውና መብራቱ እየተፈራረቁ የሚቆፍሩት ጉድጓድ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ሲሠራ ገመዶቹ በአንድነት ከመሬት በታች ገቡ። መንገዱ ዳር ላይ ይህ ሆኖ ሲያበቃ፣ መሀል ሳይት ውስጥ ትራንስፎርመር የሚቀመጥባት ጥቂት ካሬ ሜትር ፕላኑ ላይ ሳትሰመር ቀርታ፣ ብሎኩ ካለቀ በኋላ «የት እናቁመው?» የሚል ስብሰባ ሲጠራ ማየት ይገርማል።

ደላሎች ግን ሒሳቡን ጨርሰውታል። የሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ሲያስተዋውቁ ከስፋቱና ከፎቁ እኩል «መብራትና ውሃ የገባለት» ብለው ይጽፋሉ፤ ቆጣሪ ያልገባለት እንደሆነ ደግሞ ሐረጉን ዝም ብለው ይተዉታል፣ ገዢውም ገብቶት ዋጋ መቀነስ ይጀምራል።