ሙቀቱ በየት ይወጣል? የለንደን አሮጌ ፍላትና የብርድ ወራት ሂሳብ

በለንደን የአገራችን ሰዎች ከሚኖሩባቸው ትናንሽ ፍላቶች ብዙዎቹ ሲሠሩ ፍላት አልነበሩም። ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩ ባለ ፎቅ ቤቶች ናቸው፤ ኋላ ላይ እየተከፋፈሉ ለሦስትና ለአራት አባወራ ተዳረሱ። ያኔ የሚሞቁት በድንጋይ ከሰል ነበር። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ምድጃና የራሱ የጭስ መውጫ ነበረው፤ እሳቱ እንዲነድ አየር መሳብ ስላለበት ቤቱም አየር እንዲያስገባ ሆኖ ታነጸ። በዲሴምበር 1952 ከተማዋን ለቀናት የሸፈነው ጭስና ጉም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፤ በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቀስ በቀስ ምድጃዎቹ ጠፉ፣ ጋዝና ራዲያተር ገባ። አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ግን እዚያው ቀሩ።

በብርድ ወራት የሚመጣው ከባድ ሂሳብ አብዛኛው የዚህ ታሪክ ውጤት ነው። የምንከፍለው ለሞቅንበት ሰዓት ይመስለናል። ሂሳቡን የሚቆልለው ግን ከቤት እያመለጠ የሚወጣውን ሙቀት ያለማቋረጥ መተካቱ ነው። ስለዚህ የትኛውን ሂተር ልግዛ ከማለት በፊት መጠየቅ ያለበት ሙቀቱ በየት እንደሚወጣ ነው።

ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሄዳል፤ በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ ቁጥርም በዚያው ልክ ይፈጥናል። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ ብዙውን ጊዜ 23 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ድፍን ጡብ ነው። ጡብ ይጠንክር እንጂ ብርድ አይከለክልም፤ ለግድግዳ መሸፈኛ ከሚውለው የድንጋይ ሱፍ ጋር በእኩል ውፍረት ቢነጻጸር 20 እጥፍ ያህል ሙቀት ያሳልፋል። ብርድን የሚከለክለው ረግቶ የተያዘ አየር ነው። ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ ሙቀት ስለሚያመነጭ አይደለም፤ በእጥፎቹ መካከልና በክሮቹ ውስጥ የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚይዝ ነው። ከ1920ዎቹ ወዲህ እየተለመደ የመጣው ድርብ ግድግዳ በመካከሉ ክፍተት አለው፤ በዚያ ክፍተት ሱፍ መሙላት ይቻላል። ድፍኑ ጡብ ግን የሚሞላ ባዶ ቦታ የለውም።

መስኮቱ ከግድግዳው ይብሳል። ውጭው 0፣ ቤቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ሌሊት የነጠላ መስታወት የውስጥ ፊት 7 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ የድፍኑ ጡብ ግድግዳ 14 ወይም 15። ሰውነታችን የሚሰማው የአየሩን ሙቀት ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ካሉት ነገሮች ሁሉ ጋር በጨረር ሙቀት ይለዋወጣል። ቴርሞስታቱ 20 እያሳየ መስኮት ሥር የተቀመጡ እናት «በረደኝ» ቢሉ ትክክል ናቸው፤ ሰውነታቸው ለመስታወቱ ሙቀት እየሰጠ ነው። በዚያች ሌሊት 2 ካሬ ሜትር ነጠላ መስታወት ብቻውን ወደ 200 ዋት ያሳልፋል። ወፍራም መጋረጃ ይረዳል፤ ግን ራዲያተሩን ከሸፈነው ሙቀቱን በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል አፍኖ ወደ ውጭ ይሸኘዋል። ከዚያ የተሻለው ከውስጥ በኩል ሁለተኛ መስታወት፣ ወይም በማግኔት የሚያያዝ ግልጽ የፕላስቲክ ሰሌዳ መጨመር ነው። በመካከል የሚታሰረው አየር ኪሳራውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ሰሌዳውን ተከራይ ቤት ሲለቅ ነቅሎ ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ በቅርስነት በተጠበቁ ሰፈሮችም የመስኮቱ የውጭ መልክ አይለወጥም።

ከሁሉ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ግን አየሩ ነው። 40 ካሬ ሜትር ፍላት ውስጥ 100 ሜትር ኩብ ያህል አየር አለ። ውጭው 0 ሲሆን ይህ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢቀያየር፣ አዲሱን ለማሞቅ ብቻ 660 ዋት ይሄዳል። ነፋስ በሚነፍስበት ቀን አሮጌ ቤት አየሩን በሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊቀያይር ይችላል፤ ያን ጊዜ በስንጥቅ የሚወጣው ሙቀት በዚያ 2 ካሬ ሜትር መስታወት ከሚወጣው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። መፍትሔው ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው። በተንሸራታች መስኮቶች ጠርዝ የሚለጠፍ የጎማ ወይም የብሩሽ ማሰሪያ፣ በበር ሥር የሚገባ መከላከያ፣ በወለሉ ጣውላ መካከል የሚሞላ ማጣበቂያ፣ ለቀድሞው የጭስ መውጫ ደግሞ የሱፍ ውታፍ ወይም የሚነፋ ፊኛ። የትኛው ስንጥቅ ዋናው እንደሆነ ለማወቅ ነፋስ ባለበት ማታ እርጥብ እጅን በመስኮቱና በበሩ ዙሪያ ማንቀሳቀስ ይበቃል። እኔ ለግድግዳ ወይም ለአዲስ መስኮት ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህ መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ጋዝ የሚነድበት ክፍል ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወ የአየር ማስገቢያ በፍጹም መደፈን የለበትም። ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት በአገራችን ግቢ ሲሆን ደስ ይላል፤ ስንጥቁ ሁሉ በተደፈነ ፍላት ውስጥ ግን ገዳይ ነው። ከሰል የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ራሱን አሞት ተኝቶ ሳይነሣ ይቀራል። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ቤት ውስጥ ይኑር። በእንግሊዝ አከራይ የጋዝ ዕቃዎቹን በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ የማስፈተሽ ግዴታ አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ እርጥበት ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው «ነፋስ ይመታሃል» እየተባልን ስለሆነ መስኮት መክፈት አይሆንልንም፤ ውጭ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭራሽ። ግን 20 ዲግሪ የሞቀ አየር በሜትር ኩብ 17 ግራም ያህል ውሃ መሸከም ይችላል፤ 0 ዲግሪ የሆነው 5 ግራም እንኳ አይሞላም። የውጭው ብርዳማ አየር በዝናብ ቀንም ቢሆን ገብቶ ሲሞቅ ደረቅ አየር ነው። አንድ ማሽን ልብስ ቤት ውስጥ ሲደርቅ 2 ሊትር ገደማ ውሃ ይተናል፤ ይህ የዚያ ትንሽ ፍላት አየር በሙሉ ሊሸከመው ከሚችለው ይበልጣል። እንጀራ ሲጋገርና ወጥ ሲንተከተክ የሚወጣው እንፋሎት በዚያ ላይ ይጨመራል። ትርፉ እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወትና የግድግዳውን ማዕዘን ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ሻጋታው የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ ድስቱ ይከደን፣ የማዕድ ቤቱ አየር ማውጫ ይሥራ፣ ካበሰሉና ከታጠቡ በኋላም መስኮቱ ለ10 ደቂቃ ወለል ተደርጎ ይከፈት። የቤቱ አየር ሙሉ በሙሉ ቢቀየር እንኳ የሚባክነው ሙቀት 0.66 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ጋዝ እጅግ በተወደደበት በ2022 መጨረሻ ዋጋ ቢሰላ 8 ፔንስ አይሞላም። በግድግዳውና በዕቃው ውስጥ የታመቀው ሙቀት ስለሚቀር ክፍሉ ወዲያው ይሞቃል።

ይህን ስል ሻጋታ ሁሉ የነዋሪው ጥፋት ነው ማለቴ አይደለም። በዲሴምበር 2020 በሮችዴል ከተማ ሕይወቱ ያለፈው የሁለት ዓመቱ አዋብ ኢስሐቅ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ ነበር። የሞቱን መንስኤ የመረመሩት ባለሥልጣን በ2022 በደረሱበት ውሳኔ ሕፃኑን ለሞት ያበቃው ለረጅም ጊዜ በቤቱ ሻጋታ ውስጥ መኖሩ እንደሆነ አስታውቀዋል። ወላጆቹ በተደጋጋሚ አቤት ብለው ነበር። በስሙ የተሰየመው ሕግ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ በመንግሥትና በማኅበር ቤቶች ላይ ይሠራል፤ አከራዩ ከባድ ሻጋታን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምር፣ አጣዳፊ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት እንዲደርስ ያስገድዳል።

አሁን ወደ ሂተሩ። የኤሌክትሪክ ሂተር በዘይትም ይሠራ በማራገቢያ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ የወሰደውን ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ «ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ሂተር» የሚለው ማስታወቂያ ገንዘብ ማስከፈያ ነው። ልዩነቱ ያለው በነዳጁ ዋጋ ላይ ነው። በኦክቶበር 2022 መንግሥት የኃይል ዋጋ ጣሪያ ሲያበጅ ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 34 ፔንስ፣ ጋዝ 10.3 ፔንስ ገደማ ነበር። ባለ 2,000 ዋት ሂተር 5 ሰዓት ቢሠራ 3 ፓውንድ ከ40 ፔንስ ያስወጣል፤ ያንኑ ሙቀት በደህና የጋዝ ቦይለር ማግኘት 1 ፓውንድ ከ15 ፔንስ አካባቢ ነው። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢቀያየርም ኤሌክትሪክ ከጋዝ በብዙ እጥፍ መወደዱ አልተለወጠም።

ቦይለሩም ቢሆን መስተካከል አለበት። ከ2005 ወዲህ በእንግሊዝ የሚተከሉት በአብዛኛው ከጋዙ ጭስ ውስጥ ያለውን እንፋሎት ወደ ውሃ መልሰው ሙቀቱን የሚሰበስቡ ናቸው። ይህ የሚሆነው ግን ከራዲያተር የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ነው። ብዙ ቦይለሮች 75 ወይም 80 ላይ ተደርገው ስለሚተዉ ያ ሙቀት በጭስ መውጫው ይሄዳል። የሙቅ ውሃ ታንከር በሌለበት ፍላት የራዲያተሩን ውሃ ወደ 60 ዝቅ ማድረግ ምንም ወጪ የለውም፤ ክፍሉ ለመሞቅ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

ማሞቂያውን ቀኑን ሙሉ በዝቅታ ማቆየት ይሻላል ወይስ ሲፈለግ ማብራት? በየቤቱ የሚያከራክር ጥያቄ ነው። የሚያመልጠው ሙቀት ልዩነቱን ስለሚከተል፣ ቤቱ በቀዘቀዘባቸው ሰዓታት የሚወጣው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በጋዝ በሚሞቅ ፍላት ማሞቂያው ሰው በሌለበት ሲጠፋ ወጪ ይቀንሳል። ይህ ግን ቤቱን እንዲቀዘቅዝ መተው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሰው በሚኖርበት ክፍል ቢያንስ 18 ዲግሪን ይመክራል፤ ሕፃንና አዛውንት ባሉበት ቤት ከዚህ በታች ወርዶ መቆጠብ በጤና የሚከፈል ነው።

ድፍኑን ግድግዳ ማልበስ ትልቁ ሥራ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው። ፍላት የገዛ ሰው እንኳ የውጭው ግድግዳ የሕንፃው ባለቤት ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይነካውም። ተከራዩ ግን መብት አለው፦ በእንግሊዝና በዌልስ የሚከራይ ቤት፣ ነፃ ካልተደረገ በቀር፣ የኃይል ብቃት ደረጃው ቢያንስ «ኢ» (E) መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ አከራዩ ማሻሻል ይጠበቅበታል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በብርድ ወራት ከኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ 150 ፓውንድ የሚቀንስ ድጋፍም አለ።

ስለዚህ ብርዱ ሳይገባ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ የቤታችሁን የኃይል ብቃት ደረጃ የምስክር ወረቀት ከአከራያችሁ ጠይቁ፤ ሻጋታ ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ቀኑን ጽፋችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የመስኮቶቻችሁን ስንጥቅም በዚያው ሳምንት ድፈኑ።