የውጭ ጉዲፈቻ ተዘጋ፤ ወረቀቱስ?

ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 1070/2010 ይባላል። አዋጁ አጭር ነው፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። በእኛ በአዊ ዞን፣ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «ልጆቻችንን ሲቸበችቡ ነው የኖሩት፤ እንኳን ተዘጋ» ይላል። ሌላው «እዚህስ ምን አላቸው? ዕድላቸውን ነው የዘጉባቸው» ይላል። ሁለቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ያልፋሉ፤ ያ ሁሉ ልጅ ከአገር ሲወጣ ማን እንደሆነ ይመሰክር የነበረው ወረቀት ከየት ይመጣ ነበር?

ነገሩ ትንሽ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ በዚያ ዓመት ኢትዮጵያን የበለጠችው ቻይና ብቻ ነበረች። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሲደመር አሜሪካውያን ብቻ የወሰዷቸው ከ15,000 ይበልጣሉ። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ዴንማርክ የገቡት ከዚህ ውጭ ናቸው። ብዙዎቹ ከአዲስ አበባና እንደ ወላይታና ከምባታ ካሉ የደቡብ አካባቢዎች የሄዱ እንጂ ከአዊ የወጡ አይደሉም። የወረቀቱ ጉድለት ግን ዞን አይለይም።

ስለ እገዳው ሲወራ ሦስት ምክንያት ይጠቀሳል። የመጀመሪያው በደል ነው። በግንቦት 2003 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ኢትዮጵያዊት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ጓሮ ብርድ ጠንቶባት ሞታለች፤ አሳዳጊዎቿም ከሁለት ዓመት በኋላ ለረጅም ዓመታት እስር ተፈርዶባቸዋል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ አንድ ጉዲፈቻ ለውጭ አገር ወኪሎች በአስር ሺህዎች ዶላር ያስገኝ ነበር። ሦስተኛው የማንነት ጥያቄ ነው። ሦስቱም እውነት ናቸው። በደሉ ግን ልጅቷ እዚያ ከደረሰች በኋላ የሆነውን እንጂ እንዴት እንደሄደች አይነግረንም። ገንዘብም ቢሆን ብቻውን ልጅ አያሻግርም፤ ፍርድ ቤት የሚያምነው ሰነድ ይፈልጋል። ሰነዱ በቀላሉ የማይገኝ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ያን ያህል ርቆ ባልሄደ ነበር።

የልጁ መንገድ እንዲህ ነበር። ወላጅ የሞተበት ወይም ወላጁ ማሳደግ ያቃተው ልጅ በቀበሌና በወረዳ ደብዳቤ ወደ ማሳደጊያ ይገባል፤ ተጥሎ የተገኘ ከሆነ ደብዳቤው የፖሊስ ነው። ማሳደጊያው ከውጭ አሳዳጊዎቹ ወኪል ጋር የጉዲፈቻ ውል ይፈራረማል። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይን የያዘው ሚኒስቴር አስተያየቱን ይጽፋል፤ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ውሉን ያጸድቃል። ከዚያ አሳዳጊዎቹን በወላጅነት የሚጠራ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ፓስፖርት፣ ከዚያ ቪዛ ይከተላል። ኤምባሲው ፍርድ ቤቱን ያምናል፤ ፍርድ ቤቱ ሚኒስቴሩን፣ ሚኒስቴሩ ማሳደጊያውን፣ ማሳደጊያው የቀበሌውን ደብዳቤ ያምናል። ቀበሌውስ? ቀበሌው የሚያምነው ሦስት ምስክሮችን ነው።

የወረዳ ፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ችሎት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው ይቆማሉ፤ ይምላሉ። እናትየዋን ታውቋታላችሁ? እናውቃታለን። በሕይወት አለች? የለችም፣ አርፋለች። መቼ? ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ዘንድሮ ሦስት ዓመቷ ነው። ጸሐፊዋ ትጽፋለች፤ ማኅተም ይመታል፤ ባለጉዳዩ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይወጣል። አብዛኞቹ ምስክሮች ዋሾ አይደሉም። ችግሩ ሌላ ነው፤ እውነቱን የተናገረውም የዋሸውም የሚያስገኘው ወረቀት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ዳኛው አገላብጠው የሚያመሳክሩበት ሌላ መዝገብ የላቸውም። ምስክርነቱ ተገልብጦ፣ በአማርኛ ተጽፎ፣ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ውቅያኖስ ሲሻገር «ሰዎች እንዳሉት» የሚለው ነገር በመንገድ ይቀራል፤ የሚደርሰው «እናት ሞታለች» የሚለው ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ጉዲፈቻው የጦፈባቸው ዓመታት በሙሉ ያለ መዝገብ ያለፉ ናቸው። ምክር ቤቱ በሩን ሲዘጋ መዝገቡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ልደት እንኳ ቢያንስ በክርስትና ካርድ ወይም በክትባት ካርድ ይገመታል። የተረሳው የሞት ምዝገባ ነው፤ እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለእሱ ነው። ልጅ ወላጅ አልባ መሆኑ የሚረጋገጠው በራሱ ልደት ሳይሆን በወላጁ ሞት ነውና። በገጠራችን ሞትን የሚመዘግበው ደግሞ ዕድር ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ደብተር ላይ ቀኑ፣ የሟች ስምና ለቤተሰቡ የተከፈለው ገንዘብ ሰፍሯል። የሟች እናት አርባ መቼ እንደወጣ፣ ተዝካሯ የት እንደተበላ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። እናትየዋ ካልሞተች ደብተሩ ላይ አትገኝም። ወደ ውጭ የሚሄድ ልጅ ፋይል ሲዘጋጅ ግን ያን ደብተር አምጡ የሚል ሥርዓት አልነበረም።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። «አምስት ሚሊዮን ወላጅ አልባ» የሚለው ቁጥር በዚያ ዘመን ከአፍ አይጠፋም ነበር። አባቱ ብቻ ወይም እናቱ ብቻ የሞተበትም በዚያ ውስጥ ተቆጥሯል፤ አብዛኛውም እንዲህ ያለው ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግም አንድ ወላጅ ያለው ልጅ፣ ወላጁ ማሳደግ የማይችል ከሆነ፣ እንደ ወላጅ አልባ እንዲቆጠር ይፈቅዳል። ስለዚህ እናቱ በሕይወት ያለች ልጅ ማንም ሳይዋሽ በሕጋዊ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር። እናትየዋ ሕያው ሆና ሳለ ፋይሉ ላይ የምትሞተው ነገሩ እንዲፋጠን ሲፈለግ ነው።

ይህን የኛ መንግሥትም ተቀባዮቹም ሳይጠራጠሩ አልቀሩም። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሚኒስቴሩ ራሱ በቀን እስከ ሃምሳ ይደርስ የነበረውን የፋይል ቁጥር ወደ አምስት አወረደው፤ ምክንያቱ ደግሞ ሰነዶቹን ማጣራት ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2013 ጀምሮ አሜሪካ ልጁ ወላጅ አልባ መሆኑን የኛ ፍርድ ቤት ውሉን ከማጽደቁ በፊት ራሷ ማጣራት ጀመረች። በቀጣዩ ዓመት የአንድ አሜሪካዊ የጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞች በደቡብ ካሮላይና ተከሰሱ። ክሱ ያተኮረው ልጆቹን ተቀብለው አሳድገው በማያውቁ ማሳደጊያዎች ስም በተፈረሙ ውሎች ላይ ነበር። ከተከሳሾቹ ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ። ልጆቹ እውነተኛ ነበሩ፤ ሐሰት የነበረው ከጀርባቸው የተያያዘው ወረቀት ነው።

ሕጋችንም ድርሻ አለበት። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደሚቀጥል በአንቀጽ 183 ይደነግጋል። አብዛኞቹ ተቀባይ አገሮች ግን ያን ትስስር በፍርድ ይቆርጡታል። ውሉ ላይ አሻራዋን ያኖረች እናት ልጄ ተምሮ ይመጣል ብላ ብትጠብቅ ሞኝነት አልነበረም፤ ባገሯ ልማድም ባገሯ ሕግም እንደዚያ ነው። የጡት ልጅ ያሳደገ ማንም ልጁን ከወለደችው እናት አለያይቶ አያውቅም።

እንግዲህ «ሕንድ አሁንም ትሰጥ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ትሰጣለች፤ ልዩነቱ መስመሩ ላይ ነው። ሕንድ የ1993ቱን የሄግ የጉዲፈቻ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 አጽድቃለች፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ልጅ ለማምጣት ዴልሂ ወይም ኮልካታ ከነቤተሰቡ የሚሄድ የውጭ ሰው የሚያልፈው በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ነው። ልጁ ሕጋዊ ነፃነት አግኝቶ በአገሪቱ የመረጃ ቋት ካልገባ ጉዳዩ አይጀመርም። አገር ውስጥም ውጭም ያሉ ሕንዳውያን ይቀድማሉ፤ ለውጭ ሰው ቀጥሎ ነው። መሥሪያ ቤቱ ተቃውሞ የለኝም የሚል ደብዳቤ ይጽፋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ትዕዛዙን የሚሰጠው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። ከዚያ የልደት ወረቀት፣ ፓስፖርትና ሂደቱ ስምምነቱን መከተሉን የሚያረጋግጥ ሰርተፊኬት ይከተላል። አሳዳጊዎች በመዘግየቱ ያማርራሉ። ይህ መስመር ግን ከጸጋ አልመጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድራ ፕራዴሽ ሕፃናት ከድሃ ቤተሰቦች ተገዝተው ለጉዲፈቻ ሲቀርቡ ከተደረሰበት ቅሌት በኋላ የጠበቀ ነው።

መዝገብ ሁሉን ይፈታል ማለቴ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ የቤተሰብ መዝገብ ያላት አገር ነበረች። ይሁንና የአገሪቱ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 እንዳስታወቀው ወላጆቻቸው የሚታወቁ ልጆች ወላጅ አልባ ተብለው ተመዝግበው ተልከዋል። መዝገብ በያዘው ሰው ልክ ነው። መዝገብ ሲኖር ግን ቢያንስ ውሸቱ በኋላ ይገኛል፤ ኮሪያዎቹ ያገኙት ስለተጻፈ ነው። የኛን በምን እናገኘዋለን?

ጥያቄው ያለፈ ታሪክ አይደለም። ያኔ የሄዱት ልጆች አሁን አድገዋል፤ እየተመለሱ ይፈልጋሉ። «ቤተሰብ ፍለጋ» በሚል ስም የሚሠራ የመረጃ ማገናኛ እስከ መቋቋም ተደርሷል። የሚመጣው ወጣት የያዘው ፋይል ላይ ያለውን ስም ነው፤ መንደሩ የሚያውቀው ደግሞ የቤት ስሙን ነው። ሞታለች የተባለች እናት ደጅ ላይ ቆማ ስትገኝ የሚሆነውን ማንም በሕግ አይጠግነውም።

እዚሁ የቀሩትም አልተረፉም። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻና የአደራ ቤተሰብ የውጭውን ይተካሉ ተብሏል፤ ሐሳቡ ደግ ነው። የዳንግላ አያት ግን ድሮም የልጇን ልጅ የምታሳድገው ማንም ሳይነግራት ነው። የጎደላት ወረቀቱ ነው። ሕጉ ለአያት ቅድሚያ ቢሰጣትም የሞግዚትነት ማረጋገጫ ስትጠየቅ ያው ሦስት ምስክር ይዛ ያው ችሎት ትሄዳለች። እንጅባራ ላይ ልጅ ወስዶ ማሳደግ የሚፈልግ ባልና ሚስትም በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ማስረጃ ያው ነው። የውጭው ሰው ወጣ እንጂ ቀዳዳው አልተደፈነም።

ቀዳዳው በገጠር መሬትም ላይ ይጎዳል። የሟች ይዞታ ለልጆቹ ነው፤ ልጁ እስኪደርስ የሚያርሰው ግን አሳዳጊው ነው። ፋግታ ለኮማ ወይም ባንጃ ወረዳ ያለ ማሳ ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ከተተከለበት በአምስት ዓመት ገደማ ለከሰል ይደርሳል። ልጁ አሥራ ስምንት እስኪሞላው አጎት ሁለት ሦስት ጊዜ ቆርጦ ይሸጣል። አጎት ሁሉ ክፉ አይደለም። የአባቱ ሞት ያልተመዘገበና የልጅነት ማስረጃ የሌለው ልጅ ግን ደግ አጎት እንዲገጥመው ከመጸለይ በቀር ምን መከራከሪያ አለው? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ክልላችን ግጭት ውስጥ ከገባ ወዲህ ወላጅ ያጡ ልጆች ጉዳይ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ የሚመጣ ነው፤ የቀበሌው ቢሮ በተዘጋበት ወር የሞተ አባት በኋላ በምስክር ነው የሚሞተው።

ስለዚህ እገዳው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ልጅ ከአገር ማስወጣት መቆም ነበረበት። መፍትሔ ተደርጎ ሲወሰድ ግን አልስማማም። በሩ ይከፈት የሚለውም አይከፈት የሚለውም ክርክሩን ቀበሌ ድረስ ቢያወርደው ይሻላል። ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዋጁ ያዛል፤ ሞትም እንዲሁ ቀን ተቆርጦለታል። የዕድር ጸሐፊ ከቀበሌው የኩነት መዝጋቢ ጋር በወር አንድ ቀን ደብተር ቢያስተያዩ የሚጠይቀው አንድ ብዕርና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። የወረዳ ዳኛም ወላጅ ሞቷል የሚል አቤቱታ ሲቀርብላቸው ከሦስቱ ምስክሮች አስቀድመው ያን ደብተር ቢያስቀርቡ ማንም አይከለክላቸውም። ይህ እስካልተደረገ ድረስ ስለ ውጭ ጉዲፈቻ የምንከራከረው ማን ወላጅ አልባ እንደሆነ ሳናውቅ ነው።