ስለ ኰሶ ዛፍ ዘርና አጠባበቅ

ኰሶ በደጋ አገር የሚበቅል፣ በወገኑ ውስጥ ከእርሱ በቀር ሌላ ዓይነት የማይገኝለት ብቸኛ ዛፍ ነው። ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ማላዊ ድረስ በየተራራው ይታያል። አበባው የኰሶ ትል መድኃኒት ስለ ሆነ ትሉም ዛፉም በአንድ ስም ይጠራሉ፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮጳ መድኃኒት ቤቶች ይህንኑ አበባ እያስመጡ ይሸጡ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑ ጊዜ የተራራው ጥድ፣ ወይራና ኰሶ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ መመናመን ጀምሮ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጣው ባሕር ዛፍ የከተማውን የማገዶ ችግር አቃለለ፤ ይህ ውለታው አይካድም፤ ነገር ግን የአገሩን ዛፍ ስፍራ ወሰደ።

ሹማምንትና ባለይዞታዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ኰሶ ሴትና ወንድ ሆኖ ለየብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። የሴቲቱ ዘለላ ቀላ ያለ ሲሆን የወንዱ ግን ፈዘዝ ይላል። በማሳ ዳር ለብቻዋ የቀረች ሴት ኰሶ፣ ወንዱ በአቅራቢያዋ ከሌለ፣ ብታብብም ፍሬዋ ባዶ ነው፤ ስለዚህ በዓይን ዛፍ አለ ቢባልም ዘሩ ግን ጠፍቷል። ደግሞም ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቲቱ አበባ ስለ ሆነ፣ ዘለላው ሳይበስል ተለቅሞ ሲያልቅ ነፋስ የሚበትነው ዘር አይተርፍም። የበቀለውንም ከብት ይረግጠዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኰሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋራ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጥ ከልክሎ ነበር። መከልከሉ መልካም ነው፤ ሆኖም መጥረቢያን ማስቆም ብቻ ዘርን አይመልስም።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2009 የታተመ ምርመራ በኢትዮጵያ የሚገኘው ኰሶ ከእናቲቱ ዛፍ የሚወርሰው ምልክት ከአገር አገር እጅግ የተለያየ መሆኑን አሳይቷል። ይኸውም ዘሩ ቀላል ቢሆንም ሩቅ እንደማይሄድ ያስረዳል። የአንዱ ተራራ ኰሶ ከጠፋ የሌላው ተራራ ኰሶ በእርሱ ፈንታ ሊቈጠር አይችልም። ስለዚህ ለእንጦጦ የሚሆነው ዘር በቅርብ ካሉት ከሸዋ ደጋዎች ቢለቀም ይሻላል እንጂ ከባሌ ማምጣት አያስፈልግም።

ዘር ሲለቀም ከአንድ ትልቅ ዛፍ ጆንያ ሙሉ መሰብሰብ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ችግኙ ግን ሁሉም የአንዲት እናት ልጅ ስለሚሆን ለበሽታና ለድርቅ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ይሆናል። ልማዱ እርስ በርሳቸው 50 ወይም 100 ሜትር ከሚራራቁ፣ ቢቻል ከ30 ከማያንሱ እናት ዛፎች ጥቂት ጥቂት መልቀም ነው። መድኃኒት ለቃሚዎችም የላይኛውን ቅርንጫፍ ዘለላ እስኪበስል እንዲተዉ ይታዘዙ።

ችግኙ አበባ እስኪያወጣ ድረስ ሴት ይሁን ወንድ አይለይም። አንድ ወይም ሁለት ብቻ በደጅ መትከል ለጥላ እንጂ ለዘር አይሆንምና፣ ብዙ ሆኖ በአንድ ስፍራ ይተከል፤ ከከብትም ይታጠር።