ወንጭፍና ጅራፍ፦ በዝንብ ዓሣ ማጥመድ ለጀማሪ

«በዝንብ ማጥመድ» ሲባል ብዙዎቻችን እውነተኛ ዝንብ መንጠቆ ላይ የሚሰካ ይመስለናል። አይደለም። ዝንቡ ላባና ክር መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራ አስመሳይ ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ ኤሊያን የተባለው ሮማዊ ጸሐፊ ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት የመቄዶንያ ሰዎች ቀይ ሱፍና የዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ አስረው ዓሣ እንደሚያታልሉ ጽፏል።

ታዲያ ከተለመደው ማጥመድ በምን ይለያል? ለእኛ ለራያ ቆላ ልጆች ማስረዳቱ ቀላል ነው። ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የጠበቀ ሁሉ ወንጭፍ ያውቃል። የሚርቀው ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ ነው። ተራው መንጠቆም እንዲሁ ነው፤ አብሮት የታሰረው ክብደት ክሩን ይዞት ይሄዳል። ላባ ግን ቢወረውሩት የት ይደርሳል? ስለዚህ እዚህ ክብደቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ይሄ ደግሞ የቡሄ ጅራፍ ማለት ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ጅራፍ ሲጮህ ደስ ይላል፤ የዝንብ ገመድ ከጮኸ ግን ተበላሽቷል። የሚጮኸው ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደ ፊት ሲሳብ ነው፤ ዝንቡም ተበጥሶ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ትንሽ መታገሥ ነው። የፈረንጅ መጻሕፍት «ከ10 እስከ 2» ይላሉ። የሰዓቱን ፊት ቁጥር ማለታቸው እንጂ የእኛን ሰዓት አቆጣጠር አይደለም። 12 ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፤ ዘንጉ ወደ ኋላ እስከ 2 ሄዶ ይቆማል፣ ገመዱ ሲዘረጋ ወደ ፊት መጥቶ 10 ላይ ይቆማል።

ለጀማሪ 2.7 ሜትር ገደማ የሆነ ቁጥር 5 ዘንግና ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ገመድ ይመከራል። የመጀመሪያው ትምህርት ውሃም መንጠቆም አይፈልግም። ገመዱ ጫፍ ላይ የሱፍ ክር ማሰርና አጨዳው ባለቀ ማሳ ላይ 10 ሜትር ያህል መለማመድ ይበቃል። አደራ፣ በክረምት የጎሊናን ወይም የሆርማትን አሸዋ እንዳትመርጡ! ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ይመጣል።

ዓሣውስ የት አለ? የዝንብ አጥማጆች ወዳጅ የሆነው ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል። ለእኛ ቆላ አይሆንም። ቅርባችን ያሉት በአላማጣና በግራካሱ አልፎ ኮረም አጠገብ ያለው ሐሸንጌ፣ በደቡብም ከወልድያ ወዲያ ያለው ሐይቅ ናቸው። ሐይቅ ውስጥ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የተለቀቀው ቆሮሶ በብዛት አልጌ ስለሚበላ እንደ ትራውት ዝንብ አያሳድድም፤ ሆኖም ትንንሽ ነፍሳትንም ይወስዳል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለእኛ መዝናኛ የሆነው ዓሣ ለሐይቁ አጥማጆች እንጀራ ነው። እናት ቆሮሶ ደግሞ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው፤ እሷን መያዝ ትውልዱን መያዝ ነው። አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ይህ ሀብት እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ ዘንግ ከማንሳታችን በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤትና አጥማጆቹን እንጠይቅ። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ እንድፈጥጥ፤ የምንለቀውንም ዓሣ በደረቅ እጅ አንንካ፤ ልጋጉ ከተላጠ ለበሽታ ይጋለጣል።

ቸር ይግጠመን!